ልጓሙ በማን እጅ ይሁን? የፔንስልቬንያ የአደንና የዓሣ ፈቃድ ክፍያ ሙግት

በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ነዋሪ የሆነ አዋቂ አዳኝ ዓመታዊ ፈቃድ ሲያወጣ የሚከፍለው መሠረታዊ ዋጋ 19 ዶላር ነው፤ የሻጩ ድርሻና ጥቃቅን ወጪዎች ሲታከሉበት 20 ዶላር ከሳንቲም ይሆናል። ዋጋው የተቆረጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ነዳጁም ጥይቱም ደመወዙም ሲንር፣ ይህ ዋጋ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። የዋጋ ንረቱ ቢሰላ የያኔው 19 ዶላር በ2023 ወደ 35 ዶላር ይጠጋ ነበር። አዳኙ ሳያስተውለው በየዓመቱ ቅናሽ ሲደረግለት ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ ጥቂት ዶላር መጨመር ለምን ይህን ያህል ያሟግታል? ገንዘቡ ከየት መጥቶ ምን እንደሚሠራ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል።

የዱር እንስሳቱን የሚያስተዳድረው የጌም ኮሚሽን የተቋቋመው በ1895 ነው። የነዋሪዎች የአደን ፈቃድ በ1913 ሲጀመር ዋጋው 1 ዶላር ነበር። ኮሚሽኑ ሕዝቡ በጠቅላላ ከሚከፍለው ግብር በጀት አይቆረጥለትም። የጥበቃ ሠራተኞቹ ደመወዝ፣ 600 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነው የአደን መሬት እንክብካቤ፣ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለውንና በግዛቱ በ2012 የተገኘውን በሽታ መከታተሉ፣ ሁሉም የሚሸፈነው በዋናነት ከፈቃድ ሽያጭ፣ ከእንጨትና ከጋዝ ገቢ እንዲሁም ከፌዴራል ድጋፍ ነው። ዓሣና ጀልባን የሚመለከተው ሌላ ኮሚሽን ነው፤ እሱም የሚኖረው ተጠቃሚው በሚከፍለው ነው።

የፌዴራሉ ድጋፍም ቢሆን ከፈቃዱ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1937 የወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ኤክሳይስ ታክስ ለግዛቶች እንዲከፋፈል አደረገ፤ በ1950 ደግሞ የዲንግል-ጆንሰን ሕግ ለዓሣ ማስገሪያ ዕቃዎች ተመሳሳይ ሥርዓት ዘረጋ። ድርሻው ሲደለደል የግዛቱ ስፋትና ፈቃድ የገዙ ሰዎች ቁጥር ይታያል። ግዛቱ ራሱም ከወጪው ሩቡን ማዋጣት አለበት። ስለዚህ አንድ አዳኝ ዋጋው ተወደደብኝ ብሎ ሲቀር፣ ኮሚሽኑ የፈቃዱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰው ስም ይመጣ የነበረውን የፌዴራል ድርሻም ያጣል። ገዢው ደግሞ ጭማሪ ባይኖርም እየሳሳ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረው የአዳኞች ቁጥር ዛሬ ሚሊዮን አይሞላም፤ አባቶች ሲያረጁ ልጆች በቦታቸው አልተተኩም።

ዋጋውን የመወሰኑ ሥልጣን የኮሚሽኑ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት መሆኑ ነው ነገሩን ፖለቲካ ያደረገው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአጋዘን ፕሮግራሙን የመሩት የሥነ ሕይወት ባለሙያ ጋሪ አልት፣ አጋዘኑ በዝቶ የጫካውን ችግኝ እየጨረሰ ነው በማለት ሴቷ አጋዘን በብዛት እንድትታደን፣ ቀንዱ ያልዳበረ ወንድ ግን እንዲተርፍ አደረጉ። ለጫካው ጥሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አንድም አጋዘን ሳያይ የተመለሰው አዳኝ ግን በገዛ ገንዘቤ አደኔን አጠፉብኝ አለ፤ አቤቱታውንም ወደ ምክር ቤት ተወካዩ ወሰደው። ተወካዩ የአጋዘኑን ቁጥር መወሰን አይችልም፤ ጭማሪውን መከልከል ግን ይችላል። የፈቃድ ዋጋ የኮሚሽኑ ልጓም ሆነ።

ልጓሙ ሲጠብቅ ኮሚሽኑ መውጫ ፈለገ። ለአደን ተብለው ረብተው የሚለቀቁት ፌዛንት የሚባሉት ወፎች ከሚረቡባቸው አራት ጣቢያዎች ሁለቱን ዘጋ፤ በ2017 ደግሞ ፌዛንት ለሚያድን አዋቂ 25 ዶላር የሚያስከፍል የተለየ ፈቃድ አወጣ። ዋናውን ክፍያ መንካት ስላልቻለ አዲስ ክፍያ ከጎኑ አቆመ። ዋጋው አልተጨመረም የሚባለው አዳኝ በሌላ መስኮት ከፈለ።

በዓሣው በኩል ፍጥጫው ይፋ ወጣ። የዓሣ ኮሚሽኑ በ2017 ጭማሪ ካልተፈቀደ ከወጪው 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስ፣ የዓሣ ጫጩት ማራቢያዎችም እንዲነኩ ወሰነ። ምክር ቤቱ ይህን እንደ ማስፈራሪያ ቆጠረው። የሴኔቱ መሪ ጆ ስካርናቲ የኮሚሽኑን ዋና ዳይሬክተር የሥልጣን ዘመን በስምንት ዓመት የሚገድብ ረቂቅ አቀረቡ፤ ዳይሬክተሩ ጆን አርዌይ ቦታው ላይ ከተቀመጡ ያኔ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጡ።

ጭማሪውን የሚቃወሙት ግን ከንቱ ግትሮች አይደሉም። በገጠር በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው የአጋዘን ሥጋ የክረምት ቀለብ ነው፤ ፈቃዱ ብቻውን ባይከብደውም የቀስቱ፣ የሴቷ አጋዘንና የሌላው ተጨማሪ ፈቃድ ሲደመር ይከብደዋል። ሌላው ቅሬታ የጋዙ ገንዘብ ነው። ከአደን መሬቶቹ ሥር ከሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ኮሚሽኑ ብዙ ገቢ ያገኛል። በ2019 የግዛቱ ዋና ኦዲተር ዩጂን ዴፓስኳል ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ በልዩ ሂሳቦች ተቀምጦ ማግኘታቸውን፣ ኮሚሽኑም የሚከፈለው የጋዝ ድርሻ ትክክል መሆኑን በቅጡ እንደማያጣራ አስታወቁ። የለኝም ብሎ እጁን ዘርግቶ የነበረው ተቋም ያን ጊዜ የሚያምነው አጣ።

በ2020 የወጣው ሕግ ለዓሣ ኮሚሽኑ ክፍያውን ራሱ እንዲወስን በጊዜ የተገደበ ሥልጣን ሰጠ። ኮሚሽኑ በ2023 በአብዛኞቹ ፈቃዶች ላይ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጨመረ። ዋጋውን ለሃያ ዓመት ቆልፎ በአንድ ጊዜ ከመቆለል ይልቅ በትንሽ በትንሹ ማንሳት ገዢን እንደማያስበረግግ ያምን ነበርና። እንዲህ ያለው ሥልጣን በጊዜ መገደቡም ጥሩ ነው፤ ምክር ቤቱ በየጊዜው ሂሳብ ጠይቆ ሊያድሰው ወይም ሊነሳው ይችላል። ለጌም ኮሚሽኑም የሚበጀው ይኸው ይመስላል፦ ዋጋውን ባለሙያው ይወስን፣ መዝገቡን ኦዲተሩ ይክፈት።

ይህ ግን የግማሹ ችግር መፍትሔ ነው። በአደን መሬቱ ላይ የሚንሸራሸረው፣ ወፍ የሚመለከተው፣ ከጫካው የሚወርደውን ንጹሕ ውኃ የሚጠጣው ሰው አብዛኛው ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ከፋዩ ግን እያነሰ የሚሄደው አዳኝና ዓሣ አስጋሪ ነው። የሚዙሪ ግዛት ሕዝብ ይህን አስቀድሞ አይቶ በ1976 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የአንድ በመቶ አንድ ስምንተኛ የሆነ የሽያጭ ታክስ ለተፈጥሮ ጥበቃ መደበ፤ እዚያ ጫማ የሚገዛ ሁሉ ለጫካው ያዋጣል። ፔንስልቬንያ የፈቃዱን ዋጋ የቱንም ያህል ብትጨምር የሁሉም የሆነን ሀብት በጥቂቶች ኪስ ለዘላለም ማኖር አትችልም። አዳኙም ቢሆን ሸክሙን ለማካፈል ከተስማማ ብቸኛው ተሰሚ ሆኖ መቀጠል አይችልም፤ ማዋጣት የጀመረው ሁሉ ስለ አጋዘኑ ቁጥር ይጠይቃልና። ከ1999 ወዲህ የተራዘመው ሙግት ከዶላሩ ይልቅ የሚፈራው ይህን ጥያቄ ነው።