ሲኒማ ቤቱን ለማን እናድሰው?

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ቴአትር የሚወዱ ልጆች ሲሰባሰቡ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ጎንደር ፒያሳ ያለው የጣሊያን ዘመን ሲኒማ ቤት ታድሶ የሰፈሩ የኪነ ጥበብ ቤት መሆን ይችላል ወይ? የባሕር ዳር ሰው ሆኜ ስለ ጎንደር ማውራቴ አይግረማችሁ። የኛ ከተማ በወጉ ከተማ መሆን የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ፖሊ ቴክኒኩም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የሚታደስ አሮጌ አዳራሽ የሚፈልግ ሰው ጣናን መሻገር አለበት።

«የፋሺስት ቤት ለምን ይታደሳል?» የሚለኝ ሰው አለ። ቅሬታው ይገባኛል። ጎንደር በወረራው ዘመን የጣሊያን «የአማራ ግዛት» መቀመጫ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሕጉ ራሱ ሀበሻውን ከነጩ ይለይ ነበር። ግን አዲስ አበባ ያለውን ብሔራዊ ቴአትር ተመልከቱ። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንጻ አይደለም እንዴ? በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ አልቆ ሲከፈት፣ መድረኩ ላይ የወጣው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን የጣሊያን ቤት ይለዋል? አስመራም ብትሆን በጣሊያን ዘመን ሕንጻዎቿ፣ ሲኒማ ኢምፔሮን ጨምሮ፣ በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆናለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲኒማ ቤትና ቴአትር ቤት ከውጭ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ለፊልም ሸራ የሚሰቀልበት ግድግዳ ይበቃል። ቴአትር ግን ጥልቀት ያለው መድረክ፣ ተዋናይ ተራውን የሚጠብቅበት ጎንና ጎን፣ መልበሻ ክፍል፣ ዕቃ የሚገባበት ሰፊ በር ይፈልጋል። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ፊልም በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ተዋናይ ግን በጉሮሮው እስከ ኋላ ወንበር መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ በዕድሳቱ ዲዛይን ካልታሰበበት፣ የሚተርፈን የስብሰባ አዳራሽ ነው። (ስብሰባማ መቼ አጥተን!)

እንደ ልብ ማፍረስና መቀጠልም አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ መልበሻ ክፍሉንም ሆነ የልምምድ ክፍሉን ከጀርባ በተጨማሪ ግንባታ ማሰብ፣ የፊቱን ገጽታ እንዳለ መተው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ያፈራው በውስጡ በነበሩት ባለሙያዎች ነው እንጂ በጣሪያው አይደለም። ብሔራዊ ቴአትርም ሲከፈት ባዶ ቤት አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ገብቶበታል። እዚሁ ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል በሕይወት ያለው የራሱ ተዋንያን፣ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ስላሉት ነው። በደርግ ጊዜ የየቀበሌውን ኪነት ያያችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ቡድኑ ሲበተን አዳራሹ መጋዘን ሆነ።

እንግዲህ ጎንደር ያላችሁ የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ክበባት፣ ስለ ሲኒማ ቤቱ ዕድሳት ወሬ ሲነሳ ስለ ቀለሙ አትከራከሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በቋሚነት የሚሠራበት ቡድን ማን ነው? ልምምድ የሚደረገው የት ነው? አማተር ክበብ አዳራሹን በስንት ብር ይከራያል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ፊርማ አሰባስባችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ።