ደለልን ከሥሩ፦ የማዕድን ማውጫ ጎርፍ ቁጥጥር ከ1853 እስከ ዛሬ

ከማዕድን ማውጫ የሚወርደውን ጎርፍና ደለል ለመቆጣጠር የተደረገው ጥረት ታሪክ ወደ ላይ የሚወጣ ጉዞ ነው። መከላከያው መጀመሪያ የተሠራው ጎርፉ በሚያርፍበት በገበሬው ማሳና በከተማው ዳር ነበር። ቀጥሎ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ማዕድኑ በር፣ በመጨረሻም ዝናቡ አፈሩን ወደሚመታበት ቦታ ወጣ። ይህን ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየችው ካሊፎርኒያ ናት። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1848 ወርቅ ሲገኝ ሰዉ የወንዝ አሸዋ እያጠበ ይለቅም ነበር። በቀላሉ የሚገኘው ሲያልቅ፣ በ1853 ኔቫዳ ሲቲ አጠገብ ሌላ ዘዴ ተጀመረ፤ ከከፍታ በቧንቧ የወረደ ውሃ በአፈሙዝ እየተተኮሰ ኮረብታውን ይንድ ጀመር። ጭቃው በእንጨት አሸንዳ ሲያልፍ ሜርኩሪ ወርቁን ይይዛል፤ የቀረው ሁሉ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ አልነበረም።

የደረሰው ሜሪስቪል ነው። ከተማዋ ዩባና ፌዘር ወንዞች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ ያለች ናት። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ባለ ቁጥር ነዋሪው የአፈር ግድቡን ከፍ ያደርጋል፤ ወለሉ ደግሞ ተከትሎ ይነሳል። በጥር 1875 ውሃው ግድቡን ጥሶ ከተማዋን አጥለቀለቀ። በዚህ ዘመን የቁጥጥሩ ወጪ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ትከሻ ላይ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፍርድ ቤት ነው። ጥር 7 ቀን 1884 ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር፣ ኖርዝ ብሉምፊልድ የተባለው ኩባንያ ፍርስራሹን ወደ ወንዝ እንዳይለቅ አገዱ። ኮረብታን በውሃ መናድ ራሱ አልተከለከለም፤ ደለሉን መልቀቅ ግን ተከለከለ። በ1893 የወጣው የካሚኔቲ ሕግ ደግሞ ደለሉን የሚይዝ ግድብ ለሚሠራ ብቻ የሥራ ፈቃድ ፈቀደ። መከላከያው ወደ ወንዙ ወጣ ማለት ነው። ይሁንና በዩባ ወንዝ ላይ የተሠራው አንዱ ግድብ በ1907 ጎርፍ ወሰደው፤ 79 ሜትር ከፍታ ያለው የኢንግልብራይት ግድብ የቆመው በ1941 ነው።

እስከዚያ ግን ጉዳቱ ደርሷል። የጂኦሎጂ ባለሙያው ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1917 ባሳተሙት ጥናት፣ ከማዕድን ሥራ የወጣው ፍርስራሽ ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚበልጥና ለፓናማ ቦይ ከተቆፈረው ስምንት እጥፍ እንደሚጠጋ አስሉ። ከቁጥሩ የሚከፋው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሜሪስቪል ላይ የወንዙ ወለል ከፍታ ጫፍ የደረሰው በ1905 ገደማ፣ ከእግዱ 20 ዓመት በኋላ ነው። አንዴ ወንዝ የገባ ደለል የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያቆመውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ በ1970ዎቹ ተከፈተ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ ፍሳሽን ያለ ፈቃድ መልቀቅ ከለከለ። የ1977ቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሕግና ደንቦቹ በቁፋሮ ከተነካ መሬት የሚወርድ ውሃ ግቢውን ሳይለቅ በማጥለያ ኩሬ እንዲያልፍ አስገደዱ። በ1990 ከማዕድን ቆሻሻ ጋር የተነካካ የዝናብ ውሃም በፈቃድ ሥርዓቱ ውስጥ ገባ።

ኩሬው ብዙ ይረዳል፤ ሁሉን ግን አይችልም። 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመስመጥ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። አሥር ጊዜ የሚያንሰው ደቃቅ አፈር 3 ሰዓት፣ ከዚያም አሥር ጊዜ የሚያንሰው ሸክላ ወደ 13 ቀን ይፈልጋል። በከባድ ዝናብ ጊዜ ውሃው በኩሬው ውስጥ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ሸክላውን የሚያያይዝ እንደ አሉሚኒየም ሰልፌት ያለ ኬሚካል ይጨመራል፤ የተጠራቀመው ደለልም ካልተጠረገ ኩሬው ስሙ ብቻ ይቀራል።

የዛሬው አካሄድ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶች አባባል የተከተለ ይመስላል። ከማውጫው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርና ንጹሑ ውሃ ሳይደፈርስ ዞሮ ያልፋል። ወደ ኩሬው የሚገባው የቆሸሸው ብቻ ስለሆነ አነስ ያለ ኩሬ ይበቃል። የአፈር ቁልሉ በእርከን ይሠራል፤ በቦዮቹ ውስጥ የድንጋይ ክትር ይገባል፤ የላይኛው ለም አፈር ተለይቶ ይቀመጥና ሥራው ያለቀበት መሬት ወዲያው ሣር ይለብሳል። የቀረው ክፍተት ስሌቱ ነው። ብዙው ኩሬ የሚለካው በአሥር ዓመት አንዴ ይጥላል ተብሎ በሚገመት የ24 ሰዓት ዝናብ ነው፤ ግምቱም ከድሮ መዝገብ የተወሰደ ነው። የዓለም ሙቀት ሲጨምር ከባድ ዝናብ ስለሚበረታ ያ መዝገብ ብቻውን አይታመንም።

መሬትን ሳያለብሱ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ማላኮፍ ይመሰክራል። ይህ የዚያው የኖርዝ ብሉምፊልድ ኩባንያ ጉድጓድ ከ1965 ጀምሮ የመንግሥት ፓርክ ነው፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ዛሬም ቀይ ጭቃ ወደ ሃምበግ ጅረት ያወርዳል።

በእኛም አገር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሥራ በፊት እንዲቀድም ያዛል። የማዕድን ፕሮጀክትን ግምገማ የምትመረምሩ ሁሉ ስለ ኩሬው ስፋት ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ መቀልበሻ ቦዩ ጠይቁ። ቦዩም ክረምት ሳይገባ መቆፈሩን አረጋግጡ።