የኋላ ፍሬን ታምቡር ሲነክስ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወርዳል። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን አሮጌ ፒካፕ በዚህ ጉዞ የሚለቀው እምቅ ጉልበት 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ሲሆን፣ ይህም በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች የተሞላን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። (በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ የዚህ ጉልበት አብዛኛው ክፍል በፍሬኑ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የአሮጌ ፒካፕ የኋላ ፍሬን ከጊዛ የተሠራ ታምቡርና ከውስጥ ወደ ውጭ እየተገፉ የሚይዙት ሁለት ሸራዎች አሉት። ጊዛ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከርዝመቱ አንድ መቶ ሺኛ ያህሉን ይለጠጣል። ቁጥሩ ኢምንት ይምሰል እንጂ፣ 250 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ታምቡር ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። እንግዲህ ሾፌሩ ኮምቦልቻ እንደደረሰ፣ ታምቡሩ እንደጋለ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ስቦ ቢያድር ሸራዎቹ የሰፋውን ታምቡር እንደያዙ ይቆያሉ፤ ታምቡሩም ሌሊት ሲበርድ በላያቸው ላይ ይጠብባቸዋል። ጠዋት ጎማው አልዞር ይላል። ፍሬኑ እስኪበርድ መኪናውን በማርሽና በታኮ ማቆም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ታምቡሩን ለማውጣት ሲሞከር በየጋራዡ አስቀድሞ የሚነሣው መዶሻ ነው። ጊዛ ግን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ በጠርዙ ላይ የወረደ ኃይለኛ ምት ሊሰነጥቀው ይችላል። ስንጥቁ ሳይታይ ተመልሶ ቢገጠም የሚፈተነው በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ታምቡሩን የያዘው ምን እንደሆነ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆም ካልዞረ የያዙት ሸራዎቹ ናቸው። በነፃ እየዞረ ንቅንቅ የማይል ከሆነ መሐሉ ላይ ከሞዞው ጋር በዝገት ተጣብቋል። ጥቂት ወጥቶ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ሸራዎቹ ታምቡሩን ቦርቡረው በጠርዙ ያስቀሩት ከንፈር እየያዛቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ሬጂስትሮውን በማላላት ሸራዎቹን መሰብሰብ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ እሱ ሲለቀቅ መኪናው መያዣ የለውም። የፊት ጎማዎቹ በታኮ ሳይያዙ፣ አካሉም በካቫሌቶ ላይ ሳያርፍ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

ዝገት የያዘውን ታምቡር ማሞቅ ይረዳል ስንል ብዙ ተማሪዎች ይቃወሙናል፦ ብረቱ ሲለጠጥ መሐሉ ያለው ቀዳዳ ይጠባል እንጂ እንዴት ይሰፋል? ቀዳዳው ከመቆረጡ በፊት በቦታው የነበረውን ክብ ብረት እናስብ። እሱም ከቀረው ጋር እኩል ይለጠጥ ነበር፤ ስለዚህ ቀዳዳውም በዚያው ልክ ይሰፋል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሙቀት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዝገቱን ለመስበር ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ሞዞው ከተሻገረ እሱም አብሮ ይሰፋልና ሥራው ፈጣን መሆን አለበት። የእሳት ነበልባል ግን ግራሶውንና የፍሬን ዘይቱን ሊያቀጣጥል ስለሚችል እኛ አንመክረውም፤ በቀዳዳው ዙሪያ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ይቀላል።

ብዙ ታምቡሮች በፊታቸው ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ብዙ ሰው ምንነታቸውን ሳያውቅ በጭቃ ተደፍነው ይኖራሉ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብቶ በ10 ኒውተን ሜትር ብቻ ቢያጠብቁት 6,000 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ ይህም የ600 ኪሎ ግራም ጭነት ክብደት ነው። ሁለቱን ቡሎኖች እያፈራረቁ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ በመሐሉም በሞዞው ዙሪያ በቀስታ ማንኳኳት ነው።

ከወጣ በኋላ ብናኙን በአየር ግፊት መንፋት አይገባም፤ አሮጌ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በብዙ ታምቡሮች ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ የውስጥ ስፋት በቁጥር ተቀርጿል፤ ከዚያ ያለፈ ታምቡር ተመልሶ አይገጠምም።