ከመኪና ጀርባ ስለሚነሣው ክንፍ፤ ይሥራ ወይስ ይቁም?

ለታላቅ ፍጥነት የተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች ከጀርባቸው፥ ከኋላ መስተዋቱ በታች፥ አንድ ጠባብ ሰሌዳ አላቸው። መኪናው ቆሞ ሳለ ወይም በቀስታ ሲሄድ ሰሌዳው ከገላው ጋር ተጋጥሞ ስለሚተኛ መኖሩም አይታወቅም። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን አንድ ትንሽ የኤሌትሪክ ሞተር ከታች ይገፋውና ብድግ ይላል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ፈረንጆች ስፖይለር ይሉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ክንፍ እለዋለሁ፤ ነገር ግን የወፍ ክንፍ ወደ ላይ ያነሣል፥ የዚህኛው ሥራ ተቃራኒ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ በጀርመን አገር፥ በሽቱትጋርት ከተማ የሚኖሩት አጎቴ የላኩልኝ ጥያቄ ነው። አጎቴ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት ያገለገለች ባለሁለት ወንበር መኪና ገዝተዋል። የሠራትን ፋብሪካ ስም መጥራት አያስፈልግም። ከጥቂት ወራት በኋላ ክንፏ ሲነሣና ሲተኛ መንቋረር ጀመረ፤ አንዳንድ ጊዜም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። አንድ መካኒክ «ፊውዙን ይንቀሉትና ይገላገሉ» አላቸው። እርሳቸውም «አንተ ፊዚክስ ትማራለህና ንገረኝ፤ ልንቀለው ወይስ ላሠራው?» ሲሉ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች መኪና ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ስለዚህ መልሱን በዘፈቀደ ልሰጥ አልወደድሁም።

በመጀመሪያ አየር ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። የመኪና ገላ ከላይ ጐበጥ፥ ከታች ዝርግ ያለ ነው። መኪናው ሲከንፍ በጀርባው ላይ የሚያልፈው አየር ጕብጠቱን ተከትሎ ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። በክፍል የተማርነው፥ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ሕግ ይኸው ነው። ከታች ያለው ግፊት ከላይኛው ስለሚበልጥ ገላው ወደ ላይ ይገፋል። መኪናው አይበርም፤ ነገር ግን ክብደቱ ከጐማዎቹ ላይ እየተነሣ ይሄዳል፤ ጐማም መሬትን የሚጨብጠው በላዩ ባለው ሸክም ልክ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ መሆኑ ነው። አንድ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከኋላ ጐማዎቹ ላይ 18 ኪሎ ግራም ይነሣለታል ብለን እናስብ። በ200 ኪሎ ሜትር 36 አይደለም፥ 72 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በ250 ደግሞ ከ112 ያልፋል። 72 ኪሎ ማለት አንድ ሙሉ ሰው ነው። አሁን ነጂው በዚህ ፍጥነት ኩርባ ውስጥ ሳለ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሣ ወይም ፍሬን ቢይዝ፥ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። አየር ያቀለለው ጀርባ በዚያው ቅጽበት ይባስ ይቀላል፤ የኋላ ጐማዎች መሬቱን ይለቃሉ፥ መኪናውም እንደ እንዝርት ይሾራል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ኦዲ ቲቲ የምትባለው መኪና በ1998 ገበያ ላይ ስትወጣ ጀርባዋ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፥ ክንፍ የሌላት ነበረች። በመልኳ ብዙ ተደነቀች። ብዙም ሳይቆይ በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ በታላቅ ፍጥነት ሲታጠፉባት ወይም ድንገት መሥመር ሲለውጡባት እየተገለበጠች ሰው ሞተ። ፋብሪካው የተሸጡትን መኪናዎች ጠርቶ ከጀርባቸው ትንሽ ክንፍ ተከለላቸው፤ የመኪናውን መንሸራተት በኤሌክትሮኒክ የሚቈጣጠር መሣሪያም ጨመረ፥ ሞላዎቹንም አስተካከለ። እንግዲህ ክንፉ ብቻውን አዳናት ማለት አይቻልም፤ ሳይኖር ግን ምን እንደ ሆነ ታይቷል። በ2006 የወጣችው ሁለተኛዋ ቲቲ ከ120 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ሲደርስ ራሱ የሚነሣ ክንፍ ኖራት።

ክንፉ ሲነሣ በጕብጠቱ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርደውን አየር ይገታዋል። የተገታው አየር በክንፉ ፊት ታምቆ ግፊቱ ይጨምርና ጀርባውን ወደ ታች ይጫነዋል። አየሩ ካልደረሰው ግን ክንፍ ምንም አይሠራም። ፖርሸ በ1969 ለውድድር ያወጣው 917 የተባለው መኪና በታላቅ ፍጥነት ጊዜ ጀርባው እየዋለለ ነጂዎቹን ያስፈራ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በኦስትሪያ አገር በጸልትቬግ ሲሞክሩት፥ ጆን ሆርስማን የተባለ መሐንዲስ አንድ ነገር አስተዋለ። የመኪናው ገላ በተጨፈለቁ ትንኞች ተሸፍኖ ሳለ፥ የኋላ ክንፎቹ ግን ንጹሕ ነበሩ። ትንኝ ያልነካው ቦታ አየርም አልነካውም ማለት ነው። በዚያው በመንገዱ ዳር የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ቆርጠው ጀርባውን ከፍ አደረጉት፤ መኪናውም ረጋ። በ1970 ይኸው ዐይነት መኪና የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የወደድሁት ትንኞቹን ነው። ላቦራቶሪያችን ዕቃ አነሰው እያልን ለምናማርር ለኛ የሚያበረታታ ይመስለኛል።

አገራችን ውስጥ ቮልስን የማያውቅ የለም፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፥ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። የፖርሸ 911ም ከዚያው ዘር ነው። በ1989 የቀረበው 911 ካሬራ 4 ክንፉ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ይነሣ ነበር፤ ሲነሣም ጀርባውን ከመጫኑ ሌላ ለሞተሩ ብዙ አየር ያስገባለታል። ስለዚህ በዚያ መኪና ላይ ክንፉን አስተኝቶ ማሰር ሞተሩን ነፋስ መከልከል ይሆናል። በ2005 የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ በታላቅ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ ክንፉ ቀጥ ብሎ አየሩን እንደ ግድግዳ ይጋፈጣል፤ እዚያ ላይ ፊውዝ መንቀል ከፍሬኑ ላይ መቀነስ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ምክንያቶች ልመለስ። አንደኛው ድምፁ ነው። ሁለተኛውን እያፈሩ ነው የጻፉልኝ፤ ክንፉ ተነሥቶ ሲታይ ፖሊስ ከሩቅ «ይህ ሰው ፍጥነት አልፏል» ብሎ ያውቃል አሉ። ለዚህኛው የሚሆን መድኀኒት ፊውዝ መንቀል ሳይሆን እግርን ማቅለል ነው፤ ይህንንም በአክብሮት ጽፌላቸዋለሁ።

ክንፉን የሚነቅሉት ሰዎች ግን ፈጽሞ ሞኞች አይደሉም። በ80 ወይም በ90 የሚነዳ ሰው ክንፉ ቢኖርም ባይኖርም አይለየውም። በኛ አገር ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ የተፈቀደው ትልቁ ፍጥነት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙዎቹ ክንፎች ገና ሊነሡ የሚያስቡት እዚያ ላይ ነው። የአዲስ አበባ አየርም ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ የማንሣት ኀይሉ በዚያው መጠን ያንሳል። መኪናዪቱ እዚህ ብትሆን ኖሮ እኔም «ይንቀሉት» ባልሁ ነበር። በጀርመን ግን በብዙው ፈጣን መንገድ ላይ 130 ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ሰውም ከ200 በላይ ይነዳል። ደግሞም መኪና ይሸጣል። ፊውዙ እንደ ተነቀለ አጎቴ ያውቃሉ፤ ከርሳቸው የሚገዛው ወጣት ግን አያውቅም፥ የመጀመሪያዋ እሑድም የምትፈትነው በ220 ይሆናል። የአገሩም ሕግ ቢሆን ለአደጋ የሚያጋልጥ ለውጥ የተደረገበትን መኪና የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣው ይችላል፤ በየሁለት ዓመቱም ምርመራ አለ።

ስለዚህ መልሴ «አይንቀሉት፥ ያሠሩት» የሚል ነው። እስኪሠራ ድረስ በማዘዣው ቍልፍ አንሥተው ተነሥቶ ይቆይ። ተነሥቶ የቀረ ክንፍ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነዳጅና የኋላ መስተዋትን በመጠኑ መጋረድ ብቻ ነው፤ ተኝቶ የቀረው ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም። ጭራሽ አልነሣም ካለ በቀስታ መንዳት ነው።

ገንዘብ ሳይወጣ በፊት ግን መኪናዪቱን አቁመው ክንፉን በቍልፉ አስነሥተው ከሥሩ ይመልከቱ። ቅጠል፥ አቧራና የክረምት ጨው በሐዲዱ ላይ ሲከማች ሞተሩ ከዐቅሙ በላይ እየገፋ ይንቋረራል። ሐዲዱ ተጠርጎ ቅባት ሲቀባ ድምፁ ከጠፋ ሞተሩ ደኅና ነው። ካልጠፋ ወይም አንዱ ጐን ከሌላው ወደ ኋላ ከቀረ፥ ከሞተሩ ወደ ሁለቱ ጐኖች ኀይል የሚያደርሰው ክፍል መፈታት አለበት። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ጣቱን ከክንፉ ሥር እንዳያስገባ፤ ሲወርድ አይምርም።