ሞኒተር ወይስ የቪአር መነጽር? የእሽቅድምድም ሲሙሌተር እና የዓይን ሥራ

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በንኡስ ርእሶች የተከፋፈለ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት የመዝናኛ ይመስላል። ሲም ሬሲንግ የሚባለው፣ የጎማውን አያያዝ፣ የክብደቱን መዛወርና የፍሬኑን ኃይል በሒሳብ በሚያሰላ ሶፍትዌር ላይ በመሪና በፔዳል የሚካሄድ የመኪና እሽቅድምድም ነው። እንደ አይሬሲንግና አሴቶ ኮርሳ ያሉት ፕሮግራሞች እውነተኛ የውድድር መሞችን በሌዘር እየለኩ የአስፋልቱን ጉብታ ሳይቀር ያካትታሉ። ስሌቱ እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የሚቀረው የዓይን ጥያቄ ነው። አሽከርካሪው ይህን ዓለም በምን በኩል ይየው? ጠረጴዛ ላይ በቆመ ሞኒተር ወይስ ራስ ላይ በሚጠለቅ የቪአር፣ ማለትም የምናባዊ እውነታ፣ መነጽር?

ተማሪ ከኪሱ፣ ላቦራቶሪም ከጠባብ በጀቱ ለዕቃ ሲያወጣ ምን እየገዛ እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። ከዚያም በላይ ሲሙሌተር ሰው የሚሠለጥንበት መሣሪያ ነው፤ የተሳሳተ ርቀት የሚያሳይ መሣሪያ የተሳሳተ ልማድ ያስተምራል። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነው። መነጽሩ ለአሽከርካሪው የሚሰጠው ዋና ጥቅም ብዙዎች የሚገምቱት የጥልቀት ስሜት አይደለም። ዋናዎቹ ጥቅሞች ትክክለኛ መጠንና ነጻ እይታ ናቸው፤ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ደግሞ ሞኒተር ያለው ሰው ያለ ምንም ወጪ ሊያገኘው ይችላል።

የመሣሪያው አጭር ታሪክ

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1838 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ቢቀርቡ አእምሮ አዋሕዶ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል እንደሚያደርጋቸው ስቴሪዮስኮፕ በተባለ መሣሪያ አሳየ። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ አብራሪዎች መሬት ላይ የሚለማመዱበትን ማሠልጠኛ ሠራ። በ1968 ደግሞ አይቫን ሰዘርላንድ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ራስ ሲዞር ምስሉም አብሮ የሚለወጥ የኮምፒውተር ማሳያ አቀረበ፤ የራስን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍሉም ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። የዛሬው መነጽር የእነዚህ የሦስቱ ልጅ ነው። በ2016 ለገበያ የቀረቡት ኦኩለስ ሪፍትና ኤችቲሲ ቫይቭ ለእያንዳንዱ ዓይን 1080 በ1200 ፒክስል፣ በሰከንድም 90 ምስል ያሳዩ ነበር።

ትክክለኛ መጠን

ሞኒተርን እንደ መስኮት እናስበው። 27 ኢንች ሞኒተር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ተመልካቹ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢቀመጥ፣ መስኮቱ በዓይኑ ላይ የሚይዘው ማዕዘን 46 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩም ከምናባዊው ዓለም ልክ 46 ዲግሪውን ቢያሳይ ሁሉም ነገር በእውነተኛ መጠኑ ይታያል።

ተጠቃሚው ግን ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ እይታ ይወድዳል። የእይታ ማዕዘኑን ወደ 90 ዲግሪ ከፍ ቢያደርገው ምን ይሆናል? ያ ሁሉ ስፋት በዚያው ጠባብ መስኮት ውስጥ መታጨቅ ስላለበት ከፊት ያለው ነገር ሁሉ 2.3 ጊዜ ያህል ያንሳል። በ50 ሜትር ርቀት ያለ መኪና ከ115 ሜትር በላይ የራቀ ይመስላል። ከቀጥታው 30 ዲግሪ ወደ ጎን ያለው የኩርባ ውስጠኛ ጫፍም በ14 ዲግሪ ላይ ይታያል። አሽከርካሪው የሚያየው ኩርባ መሪው ከሚጠይቀው ኩርባ ጋር አይገጥምም ማለት ነው።

መነጽሩ ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል። የማሳያውና የዓይን ርቀት በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ተጠቃሚው ማዕዘኑን ማዛባት አይችልም። መነጽር አጥልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የነዱ ሰዎች ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ዳገቱ ቁመት የሚገረሙት በአመዛኙ ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ማዕዘኑ በተዛባ ሞኒተር እጅግ ፈጥነው የሚነዱ ተወዳዳሪዎች አሉ፤ እንዴት ቻሉ? ዴቪድ ሊ በ1976 ስለ ፍሬን አያያዝ ያሳተመው ጥናት መልሱን ይጠቁማል። ወደ አንድ ነገር ስንቃረብ ምስሉ በዓይናችን ውስጥ ይሰፋል። የምስሉ ማዕዘን ለሚሰፋበት ፍጥነት ሲካፈል እስከ መገናኘት የቀረውን ጊዜ ይሰጣል፤ ርቀቱን ወይም ፍጥነቱን ለየብቻ ማወቅ አያስፈልግም። ምስሉ በግማሽ ቢያንስ የሚሰፋበት ፍጥነትም በግማሽ ስለሚያንስ፣ ማዕዘኑ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ የፍሬን ጊዜ በተዛባ ምስልም ሊለመድ ይችላል። የሚዛባው የኩርባው ቅርጽ፣ የመኪናው አቅጣጫና በጎን ያለው ክፍተት ነው። እነዚህም በልምምድ ይካካሳሉ፤ ነገር ግን የተለመደው ማካካሻ የሚሠራው ለዚያ ሞኒተር እንጂ ለእውነተኛው መንገድ አይደለም።

ነጻ እይታ

ሞኒተሩ በትክክለኛው ማዕዘን ሲስተካከል ሌላ ችግር ይመጣል። ከመሐል ወደ እያንዳንዱ ጎን የሚታየው 23 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በ30 ዲግሪ ላይ ያለው የኩርባ ጫፍ ጭራሹን ከስክሪኑ ይወጣል።

ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ማይክል ላንድና ዴቪድ ሊ በ1994 የአሽከርካሪዎችን ዓይን ተከታትለው እንደዘገቡት፣ አሽከርካሪ ወደ ኩርባ ከመግባቱ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ቀድሞ የኩርባውን ውስጠኛ ጠርዝ ይፈልጋል፤ በኩርባው ውስጥም ደጋግሞ ወደዚያው ይመለሳል። እጅ ዓይንን ይከተላል። በሞናኮ ጎዳናዎች ላይ እንዳለው የፀጉር ማስያዣ የሚመስል ጠባብ መታጠፊያ ሲመጣ ደግሞ አሽከርካሪው የሚያየው በፊት መስታወት ሳይሆን በጎን መስኮት በኩል ነው።

መነጽሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ነው፤ ከሰው ተፈጥሯዊ እይታ ግማሹን ያህል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ራስ በዞረ ቁጥር መስኮቱም አብሮ ይዞራል። አሽከርካሪው ወደ ኩርባው ጫፍ፣ ወደ ስፖኪዮው፣ በጎኑ ወደተጠጋው መኪና ማየት ይችላል። ሦስት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮችን በዙሪያው ያቆመ ሰው ወደ 140 ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ስለሚያገኝ ከዚህ ጥቅም አብዛኛውን ይካፈላል፤ ዋጋውና የሚይዘው ቦታ ግን ከፍ ይላል።

ጥልቀት የት ድረስ ይሠራል?

የሰው ሁለት ዓይኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በአንድ ዲግሪ 20 ፒክስል የሚያሳይ መነጽር እንውሰድ። በ1 ሜትር ርቀት ላለ ነገር የሁለቱ ዓይኖች ምስል ልዩነት 72 ፒክስል ነው። በ5 ሜትር 14 ይሆናል፤ በ50 ሜትር 1.4 ብቻ ይቀራል፤ በ100 ሜትር ከአንድ ፒክስል በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጥልቀቱ ለመሪው፣ ለዳሽቦርዱና በጎን ለተጠጋ ተፎካካሪ ብዙ ይረዳል። የፍሬን ቦታ ምልክት በ100 ሜትር ሲታይ ግን ሁለት ዓይን ከአንድ ዓይን እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ርቀት የሚሠሩት መጠን፣ እንቅስቃሴና የምልክቶቹ መደራረብ ናቸው።

የሚከፈለው ዋጋ

የመጀመሪያው ዋጋ የምስል ጥራት ነው። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ 60 ፒክስል ያህል ይለያል። 1920 ፒክስል ስፋት ያለው ያ ሞኒተር በ46 ዲግሪ ሲታይ 41 ያህል ይሰጣል፤ በምሳሌነት የወሰድነው መነጽር 20 ብቻ ነው። ያው ጽሑፍ በመነጽሩ የሚነበበው በግማሽ ርቀት ላይ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በሰከንድ 90 ምስል ማለት ኮምፒውተሩ በየ11 ሚሊሰከንዱ ሁለት ምስል፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ፣ ሠርቶ መጨረስ አለበት ማለት ነው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ20 ሚሊሰከንድ 1 ሜትር ይጓዛል። ምስሉ ራስን ተከትሎ ካልደረሰ ዓለም የሚንሳፈፍ ይመስላል። ስለዚህ ለመነጽሩ ያሰቡ ሰዎች የግራፊክስ ካርዱንም ዋጋ አብረው ማስላት አለባቸው።

ሦስተኛውና ከባዱ ሰውነት ነው። ሪዝንና ብራንድ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተብራራው፣ ማቅለሽለሹ የሚመጣው ስሜቶች ሲጋጩ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ ሲነበብ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል እንቅስቃሴን ይናገራል፤ ዓይን ግን የቆመ ገጽ ያያል። በመነጽሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ከባድ ፍሬንና ፈጣን መታጠፍ ያያል፣ ጆሮ ግን ወንበር ላይ መቀመጥን ይመሰክራል። በሞኒተር ዙሪያ የክፍሉ ግድግዳ ቆሞ ስለሚታይ ግጭቱ ይለዝባል፤ መነጽሩ ያንን መደገፊያ ይወስደዋል።

እንዴት ይሞከር?

መጀመሪያ የሞኒተራችሁን ስፋትና የዓይናችሁን ርቀት በሜትር ለክታችሁ የእይታ ማዕዘኑን አስተካክሉ። የስፋቱን ግማሽ ለርቀቱ አካፍላችሁ ከሚገኘው ውጤት ማዕዘኑን አውጡና በሁለት አባዙት። ከዚያ በኋላ ነው ንጽጽሩ ፍትሐዊ የሚሆነው።

ቀጥሎ መነጽር ተዋሱ እንጂ ወዲያው አትግዙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዝግተኛ መኪናና በሜዳማ መም፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ጀምሩ። የምስሉን ውበት ቀንሳችሁ የማይዋዥቅ ፍጥነት ያዙ። ሙቀት ወይም ላብ ሲሰማችሁ ወዲያው አቁሙ፤ መታገሥ ሰውነትን የሚያስተምረው መጥፎውን ነው። እስኪረጋጋላችሁም እውነተኛ መኪና አትንዱ።

በመጨረሻም ለኩ። ከለመዳችሁት በኋላ በሁለቱም መሣሪያዎች ሃያ ሃያ ዙር ነድታችሁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጣሉ፤ ከቀሩት ምርጡን ዙር ብቻ ሳይሆን የዙሮቹን መለያየትም ተመልከቱ። አንድ ፈጣን ዙር ዕድል ሊሆን ይችላል፤ እርስ በርስ የተቀራረቡ አሥራ አምስት ዙሮች ግን ዓይን የሚያየውን ማመን እንደጀመረ ይመሰክራሉ።

ከአድማጮች የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ይህ መሣሪያ ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ መሣሪያው የሚመዘነው ከሚሠለጠንበት ተግባር ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ተቋም በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በቪአር ለሚሠራ የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ዕውቅና ሰጥቷል። የእኛ አየር መንገድ አብራሪዎች በአዲስ አበባ የሚሠለጥኑባቸው ትልልቅ ሲሙሌተሮች ግን በሌላ የማሳያ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለት አብራሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስና የገዛ እጃቸውን ማየት አለባቸውና። መስቀለኛ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መቃኘት፣ ስፖኪዮ መመልከት፣ ለእግረኛ መጠንቀቅ ራስን ማዞር የሚጠይቁ ተግባራት ስለሆኑ መነጽሩ ይስማማቸዋል። ፍሪሲዮን መልቀቅና ዳገት ላይ መነሣት ግን በእግርና በወንበር የሚሰሙ ናቸው፤ ለእነርሱ ከእውነተኛው መኪና የተሻለ አስተማሪ የለም።