የኢንተርኔቱ በረኛ፤ ይገዛ ወይስ ይሠራ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ፋየርዎል የሚባለውም ነገር ስሙን ያገኘው ከእሳት ነው፤ የአንዱ ቤት ቃጠሎ ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚያግድ ግንብ ማለት ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሥራው የበረኛን ሥራ ይመስላል። ከኢንተርኔት የሚገባውንና ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን መልእክት ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ እየመረመረ፣ የተፈቀደለትን ያሳልፋል፤ ያልተፈቀደለትን ይመልሳል።

ይህን በረኛ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለዚሁ ሥራ የተሠራ ራውተር ገዝቶ መትከል ነው። ሁለተኛው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰክቶ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኖ፣ ራስ መሥራት ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ፒኤፍሴንስና ከእርሱ ተከፍሎ በ2015 የወጣው ኦፒኤንሴንስ በሰፊው የታወቁ ናቸው።

እኔ ትምህርቴን እንደጨረስሁ የመረጥሁት ሁለተኛውን መንገድ ነበር። ተቀጥሬ በነበርሁበት አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት፣ ከዕቃ ቤት የተጣለ ኮምፒዩተር አንሥቼ ፋየርዎል ሠራሁ። ማን ምን እንደሚገባለት በዝርዝር ወሰንሁ፤ የገባውና የወጣው ሁሉ ይመዘገብ ነበር። የሥራ ጓደኞቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ኮራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሥራ አግኝቼ ሄድሁ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የዚያ ኮምፒዩተር ዲስክ አልነሣ አለ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ፣ የደንቡን ግልባጭ የያዘ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ባለጉዳይ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ዋለ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም፤ አንዲት ገጽ እንኳ ጽፌ ሳላስረክብ የሄድሁት የእኔ ነበር።

«እንግዲያው ራውተር ይገዛ» የሚል ይኖራል። በእርግጥም ራውተር ብዙ መልካም ጎን አለው። መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሣል፤ የሚበላውም ኃይል ጥቂት ነው። ሌትና ቀን 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በዓመት 525 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ 10 ዋት የሚወስድ ራውተር 88 ያህል ብቻ ይፈጃል።

ይሁንና የተገዛ በረኛም ይተኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ግማሽ ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎችን፣ በተለይም የመኖሪያና የትናንሽ ቢሮ ራውተሮችን፣ እንደያዘ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሚክሮቲክ የተባለው የላትቪያ ኩባንያ በራውተሮቹ ላይ ለተገኘ ጉድለት በሚያዝያ ወር እርማት አውጥቶ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን እርማቱን ያልጫኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ራውተሮች በሌቦች እጅ ገብተው ተገኙ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ የሚያጠጣው ሰው ግን ጠፋ።

ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት በፊት «በሚመጣው ዓመት የሚጠብቀው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ደንቡ በመዝገብ ከተጻፈና ግልባጩ በሌላ ስፍራ ከተቀመጠ፣ የተበላሸውን የሚተካ ሌላ ኮምፒዩተርም ከተዘጋጀ፣ ራስ መሥራት ያዋጣል፤ ኃይሉም በእጅ ነው። ይህ ከሌለ ራውተር ይገዛ። ሲገዛም ኩባንያው እርማት የሚያወጣለት መሆኑ ይጣራ፤ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይለወጥ፤ እርማት መውጣቱን በየወሩ የሚመለከት ሰውም በስሙ ይመደብ።

ተማሪ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፣ በቤታችሁ ሠርታችሁ፣ አበላሽታችሁ፣ እንደገና ሠርታችሁ ተማሩ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። ለመሥሪያ ቤት በምትሠሩበት ጊዜ ግን፣ እናንተ በሌላችሁበት ቀን መዝገቡን ከፍቶ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ማዘጋጀትን የሥራው ግማሽ አድርጋችሁ ቁጠሩት።