ከእጅ አንጓ ሥር ፈቀቅ የሚለው ነርቭ

እስቲ ግራ እጃችሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉት። በቀኝ ጣታችሁ አንጓውን ከውስጥ በኩል ጫን በሉና የግራ ጣቶቻችሁን ጨበጥ ፈታ አድርጉ። ከሥር የሚላወሰው ጅማት ነው። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶች በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ፤ ከታች አጥንት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ልብ የማይለጠጥ ጠንካራ ማሰሪያ አለ። አሥረኛው አላፊ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ስሜታቸው ከእሱ ነው።

የሚገርመው ይህ ነርቭ አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀመጥም። ስትጨብጡ ጅማቶቹ ተወጥረው ይገፉታል፣ እሱም ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ በገበያ ቀን የተጫነ አህያ ሲመጣ ሰው ወደ ዳር እንደሚጠጋው። አንጓችሁንና ጣቶቻችሁን ስትዘረጉ ደግሞ በቁመቱ ይንሸራተታል።

ይህን በሕያው ሰው ላይ ማየት ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ አንድ ጥናት ላይኛው ክንድ ላይ እዚሁ ነርቭ ውስጥ መርፌ አስገብቶ የመርፌውን እንቅስቃሴ ነበር የለካው (ፈቃደኞቹን አለማድነቅ አይቻልም!)። አንጓና ጣት ሲዘረጋ ነርቩ በአማካይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ እጅ ተንሸራተተ።

ዛሬ መርፌ አያስፈልግም፤ አልትራሳውንድ አለ። እኛ ዘንድ አልትራሳውንድ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ፅንስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል። ግን ሆድ የሚያየው መንኪያ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል) ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለ ድምፅ ጠለቅ ብሎ ነው የሚያየው። አንጓ ላይ ነርቩ ከቆዳ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ ጥልቀት ሳይሆን ጥራት ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ 12 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ጠፍጣፋ መንኪያ ይመረጣል። የድምፁ ድግግሞሽ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል። በእርግዝናው መንኪያ አንጓን ብታዩት ብዥታ ነው የሚጠብቃችሁ።

መንኪያው አንጓው ላይ በአግድም ሲያርፍ ነርቩ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችን የያዘ ሞላላ ሆኖ ይታያል። ከጅማት መለየቱ አንድ ዘዴ አለው፦ መንኪያው ትንሽ ሲያዘነብል ጅማቱ ይጠቁራል፣ ነርቩ ግን ብዙም አይለወጥም። ከዚያ «ጨብጥ፣ ፍታ» ማለት ብቻ ነው። የጎን እንቅስቃሴው በዓይን ይታያል። የቁመቱ ግን ያስቸግራል፤ ነርቩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሚመስል ኮምፒውተር የምስሉን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከአንዱ ቅጽበት ወደ ቀጣዩ እየተከተለ ነው የሚለካው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? መተላለፊያው ሲጣበብ ነርቩ ተጨምቆ እጅ ይደነዝዛል፤ ካርፓል ተነል ሲንድሮም የሚባለው ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የነርቩን ስፋት ይለካሉ፤ ከ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ካበጠ ይጠረጥራሉ። ናካሚቺና ታቺባና የተባሉ ጃፓናውያን ግን እ.ኤ.አ. በ1995 እንቅስቃሴውን ተመለከቱ፤ በታመሙት እጆች ነርቩ ወደ ጎን የሚሸሸው በጣም ጥቂት ነበር። በጅማቶቹ ዙሪያ ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ ሲወፍርና ሲደርቅ መሸሻ ይጠፋል። በእኔ ግምት ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ የነርቩ መጠን ብቻውን ይህን አይነግረንም። ሆኖም የጤነኛ ሰው ነርቭም እንደየሰዉ ስለሚለያይ፣ እንቅስቃሴ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ጥጥ የምትፈትሉ፣ ዕርፍ የምትጨብጡ፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮች፦ ሌሊት አውራ፣ ጠቋሚና የመሃል ጣታችሁ ደንዝዞ ከእንቅልፍ ካነቃችሁ፣ ትንሿ ጣት ግን ደህና ከሆነች፣ ወደ ወጌሻ ከመሄዳችሁ በፊት ለጤና ባለሙያ ንገሩ። በእርግዝና የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይቀላል። ለሌላውም መጀመሪያ የሚታዘዘው ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ነው። የአውራ ጣት ሥር ሥጋ እየሟሸሸ ከሄደ ግን አትዘግዩ።